ጌይ ወንዶች ተደብቀው የሚገናኙባቸው ቤቶች፦ ቁልፉ በማን እጅ ነው?

ኬንየን ስትሪት (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን እዚሁ መድረክ ላይ አንድ ሰው «ጌዮች ጥፋት ከሌለባቸው ለምን ተደብቀው ይገናኛሉ?» ብሎ ጻፈ። ብዙ ሰው አጨበጨበለት። እኔን ግን አልዋጥልህ አለኝ። ሰው የሚደበቀው ጥፋት ስላለበት ብቻ አይደለም። ሲታይ ሥራውን፣ ቤቱን፣ አንዳንዴም ነፍሱን የሚያጣ ከሆነ ይደበቃል። ሌላም የማይወራ ነገር አለ። ሰው መደበቅ ሲጀምር የመደበቂያውን ቁልፍ የሚይዝ ሌላ ሰው ይመጣል። ያ ሰው በሩን በነጻ አይከፍትም።

ስቶንዎል ኢን የሚባለውን የጌይ ቡና ቤት ውሰዱ። ኒውዮርክ፣ ክሪስቶፈር ስትሪት ላይ ያለው። ስሙን ሁሉም ያውቀዋል። በፈረንጆቹ 1960ዎቹ መጨረሻ ውስጡ ምን ይመስል እንደነበር ግን ብዙ ሰው አያውቅም። ባለቤቶቹ ማፊያዎች ነበሩ። መስኮቱ በጣውላ ተመቷል። ግድግዳው ጥቁር ተቀብቷል። በሩ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለች። ዘበኛው በእሷ አጮልቆ ያይሃል። ካወቀህ ወይም መልክህ ካሳመነው ያስገባሃል። ስትገባ መዝገብ ላይ ትፈርማለህ፤ ቤቱ የመጠጥ ፈቃድ ስላልነበረው «የአባላት ክበብ ነው» ለማለት ነው። እውነተኛ ስሙን የሚጽፍ ማንም የለም። ከባንኮኒው ጀርባ የቧንቧ ውሃ አልነበረም። የተጠጣበት ብርጭቆ ገንዳ ውስጥ ይነከርና ለሚቀጥለው ሰው ይቀዳበታል። እሳት ቢነሳ የሚወጣበት በር እንኳ አልነበረም።

ታዲያ ሰው ይህን ሁሉ ችሎ ለምን ይሄዳል? ወንድ ከወንድ ጋር ተቃቅፎ መደነስ የሚችልበት ቤት ስለሆነ ነው። ፖሊስ ሲመጣ ነጭ መብራት ይበራል። ያኔ ሁሉም ከጓደኛው ተለይቶ ይቆማል።

ማፊያው ለፖሊስ ጉቦ ይከፍላል። ፖሊስም ለወጉ ያህል ይፈትሻል፤ ብዙ ጊዜም አስቀድሞ ይነግራቸዋል። ደህና ገንዘብ ያለው ደንበኛ ሲገኝ ደግሞ «ለአሠሪህ እንነግራለን» እየተባለ ይበዘበዛል። ሰኔ 28 ቀን 1969 ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ካለፈ በኋላ ፖሊስ ሳይነግር መጣ። ደንበኛውም በቃኝ አለ። ከፖሊስ ጋር ለቀናት የቆየውን ግጭት ብዙዎቻችሁ ስለምታውቁት አልደግመውም።

እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ በፊት ያለው ነው። ማፊያ እንዴት ባለቤት ሆነ? በዚያ ዘመን በኒውዮርክ ጌይ ሰው የሚሰበሰብበት ቡና ቤት «ሥርዓት የሌለው ቤት» ተብሎ ፈቃዱን ሊነጠቅ ይችል ነበር። ሚያዝያ 21 ቀን 1966 ለጌዮች መብት የሚሟገተው የማታሺን ማኅበር አባላት ሱፍና ከረባት ለብሰው ጁሊየስ ወደሚባል ቡና ቤት ገቡ። ጌይ መሆናቸውን ተናገሩና መጠጥ አዘዙ። አስተናጋጁ መዳፉን ብርጭቆው ላይ ከደነ። ፎቶው ዛሬም አለ። እዩት። ሰውዬው ክፉ አይመስልም፤ የፈራ ሰው ነው የሚመስለው። ሕጋዊው ነጋዴ ሲፈራ ሕግ የማይፈራው ገባ። ነገሩ እንዲህ ነው የሆነው።

እናንተ የምታውቁትን ጨምሩ። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ አሁን የሚሠራ ቦታ ስምና አድራሻ እንዳትጽፉ።

የለንደኑ

ጥሩ ክር ነው። እዚህ ለንደን ደግሞ ነገሩ ከዚያ በጣም ወደ ኋላ ይሄዳል። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሆልቦርን ሰፈር ማርጋሬት ክላፕ የምትባል ሴት ነበረች። «እናት ክላፕ» ይሏታል። እሑድ ማታ ማታ ቤቷ በወንዶች ይሞላል። አርባና ከዚያ በላይ ሰው ይሰበሰባል። ይጠጣሉ፣ ይዘፍናሉ፣ ይደንሳሉ። አንዱ ሌላውን በሴት ስም ይጠራዋል። «ተጋባን» የሚሉበት ክፍልም ነበራቸው።

እንዴት ተያዙ? ከመካከላቸው አንዱ ከወዳጁ ጋር ተጣላ። ከዚያ የፖሊስ ሥራ የሚሠሩትን ሰዎች «ይሄ የኔ ወዳጅ ነው» እያለ ወደ ቤቷ ይዟቸው ገባ። ከጀርባው ደግሞ ምግባር እናርማለን የሚል ማኅበር ነበር፤ ጠቋሚ ያሰማራ ነበር። በየካቲት 1726 አንድ እሑድ ሌሊት ቤቱ ተከበበ። አርባ ያህል ሰው ታፈሰ። በግንቦት ሦስቱ ታይበርን ላይ ተሰቀሉ። እሷን ስሚዝፊልድ ገበያ ላይ አንገቷንና እጆቿን በእንጨት ቆልፈው አቆሟት። ሕዝብ ያገኘውን ወረወረባት። በዚያ ላይ ገንዘብ ተቀጣች፤ ሁለት ዓመትም ተፈረደባት።

እኔ ከሁሉ የምታሳዝነኝ እሷ ናት። ፍርድ ቤት የቀረበው ምስክርነት የሚያሳየው መጠጥ እየወጣች ስታመጣላቸው፣ ስታስተናግዳቸው ነው። ለሰዎች ማረፊያ የከፈተች ሴት እንደዚያ ተዋረደች።

እንግሊዝ ውስጥ በዚህ ክስ ሰው የተሰቀለው ለመጨረሻ ጊዜ በ1835 ነው። የሞት ቅጣቱ ከሕግ የወጣው በ1861። በእንግሊዝና በዌልስ ሁለት አዋቂ ወንዶች በግል የሚያደርጉት ወንጀል መሆኑ የቀረው በ1967 ነው፤ ያውም በብዙ ገደብ።

ሐዋርያ

ወንድሞቼ፣ ማንንም ለመሳደብ አይደለም የምጽፈው። ግን እውነቱን እንነጋገር። ሃይማኖታችን ይህን አይቀበልም። ባህላችንም አይቀበልም። የፈረንጅ ታሪክ እየደረደራችሁ እኛ ላይ ለምን ትጭናላችሁ? በሚስጥር የሚደረግ ነገር መልካም ቢሆን ኖሮ በግልጽ ይደረግ ነበር።

ነርስ ሣራ

ሐዋርያ፣ ሳትሳደብ ስለጻፍክ አመሰግናለሁ። እኔም እጾማለሁ፣ አስቀድሳለሁ። ስለዚህ እንደ አማኝ ልመልስልህ።

የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች በሚስጥር አይደለም እንዴ የጸለዩት? ተደብቆ መሰብሰብ ብቻውን ስለሰዎቹ ምንም አይነግርህም። የሚነግርህ ስለሚያሳድዳቸው ነው።

አሁን ስለ ኒውኦርሊንስ ልንገርህ። ሰኔ 24 ቀን 1973፣ እሑድ ማታ። አፕስቴርስ ላውንጅ የሚባል ፎቅ ላይ ያለ ቡና ቤት ነበር። ደንበኞቹ ጌይ ወንዶች ናቸው። ከእነሱ መካከል የአንድ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ነበሩበት፤ ከአገልግሎት በኋላ እዚያ ይሰባሰቡ ነበር። ደረጃው ላይ የሚቀጣጠል ፈሳሽ ፈሶ እሳት ተለቀቀበት። በሩ ሲከፈት ነበልባሉ ወደ ውስጥ ገባ። መስኮቶቹ ብረት ነበራቸው። አስተናጋጁ የኋላ በሩን ስለሚያውቅ ሃያ የሚሆኑ ሰዎችን እየመራ በጣራ አወጣ። የቀሩት አልቻሉም። ሠላሳ ሁለት ሰው ሞተ። ፓስተራቸው መስኮቱ ላይ እንደተጣበቀ ነው ያለቀው፤ አስከሬኑ ለሰዓታት ከመንገድ እየታየ ቆየ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ስማ። ልጃቸውን «የኛ ነው» ብለው ለመውሰድ ያፈሩ ቤተሰቦች ነበሩ። ለመታሰቢያ ጸሎት በራቸውን የዘጉ አብያተ ክርስቲያናት ነበሩ። አንድ የኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን ቄስ ትንሽ ጸሎት ስላደረጉ የጥላቻ ደብዳቤ ዘነበባቸው። በኋላ አንድ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ከፈተላቸው። ለቃጠሎው እስከ ዛሬ በፍርድ የተጠየቀ ሰው የለም።

እኔ ሆስፒታል ነው የምሠራው። አስከሬን ሲመጣ ማን ምን እንደሆነ አንጠይቅም፤ እናጥባለን፣ እንገንዛለን። ኃጢአት ነው ብለህ ማመን ትችላለህ። ልጁን የሚቀብር ሰው እንዲጠፋ ግን አትፈልግም ብዬ አምናለሁ።

ሐዋርያ

መቅበርማ ግዴታ ነው እህቴ። እሱን አልክድም። እሳቱንም የለኮሰው አረመኔ ነው። በሌላው ግን ሐሳቤን አልቀየርኩም።

ነርስ ሣራ

እሱን ካልክድክ እዚያ ላይ እንስማማለን። ስለ ቀሪው ቀስ ብለን እንነጋገራለን።

ከሸገር

የውጭውን ሁሉ አነበብኩ። እኔ አዲስ አበባ ነኝ። ስለዚህ በጥንቃቄ ነው የምጽፈው።

እዚህ ከስቶንዎል ጋር የሚመሳሰል ቤት አትፈልጉ። መገናኛችን የአንዳችን ቤት ነው፤ እሱም ከተገኘ። ልደት ይባላል። ኬክ ይገዛል፤ ኬኩ ላይ የእውነት ስም ይጻፋል፤ አከራይዋ ድንገት ብትገባ ልደት መሆኑ እንዲታያት ነው። ሁለት ሦስት ሴት ጓደኞቻችን ይጠራሉ፤ ወንድ ብቻ ሲሆን ጎረቤት ይጠይቃል። አብሮ የሚመጣ የለም፤ በየተራ ነው የሚገባው። ጫማ ውጭ አይወልቅም፤ ቁጥራችንን ይናገራል። ሙዚቃው ከፍ ይላል ግን ከአራት ሰዓት አያልፍም። እትዬ ብቅ ካሉ ጠጅ ወይ ለስላሳ ይቀዳላቸዋል፣ ይመርቁናል፣ ይሄዳሉ። ስንት ጊዜ «ለሠርጋችሁ ያብቃኝ» እንዳሉን!

ሕጉን ታውቁታላችሁ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን በእስራት ያስቀጣል። ለብዙ ጊዜ ግን እኛን የሚያስፈራን ከሕጉ ይልቅ ቤተሰብና ሰፈር ነበር። ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ላይ ነገሩ ተቀየረ። መጀመሪያ ቲክቶክ ላይ የሰው ፎቶ እየተለጠፈ «እንዲህ ነው፣ ያዙት» መባል ተጀመረ። በዚያው ወር የአዲስ አበባ የሰላምና ጸጥታ አስተዳደር ቢሮ በሆቴሎች፣ በመጠጥ ቤቶችና በእንግዳ ማረፊያዎች ላይ እርምጃ እየወሰድኩ ነው አለ። ሕዝቡም እንዲጠቁም ስልክ ቁጥር ሰጠ። ከዚያ በኋላ ልደት የሚጠራ ጠፋ። እኔ ራሴ ስልኬን ሙሉ በሙሉ አጸዳሁ። የሰው ቁጥር አብሮ ጠፋ። ዛሬም ያላገኘኋቸው ልጆች አሉ።

ቤት ሲጠፋ ሰው ወደ ስልክ መተዋወቂያ መተግበሪያ ሄደ። እዚያ ደግሞ የሚጠብቀው ሌላ ነው። ቆንጆ ፎቶ ያለው ልጅ ያዋራሃል። ቀጠሮ ይሰጥሃል። ስትደርስ አራት ሆነው ይጠብቁሃል። ስልክህን ይቀሙሃል፤ እናትህን ከስልክህ ላይ ፈልገው «አሁን እንደውልላት?» ይሉሃል። ያለህን ታስተላልፋለህ። ለማን ትከሳለህ? ክሱ አንተው ላይ ነው የሚዞረው። ኬንየን ስትሪት ስለ ማፊያው ሲጽፍ ቁርጥ የኛን መሰለኝ።

ካይሮ የኖርኩ

ሸገር፣ አይዞህ ወንድሜ።

የጠቋሚ ስልክ የት እንደሚያደርስ ካይሮ ያየችው ነው። ግንቦት 11 ቀን 2001 ሌሊት ፖሊስ ዛማሌክ አጠገብ አባይ ላይ የቆመች ኩዊን ቦት የምትባል የምሽት መዝናኛ ጀልባ ላይ ገባ። ከዚያና ከሌላ ቦታ የተያዙ ሃምሳ ሁለት ወንዶች ለፍርድ ቀረቡ። የግብጽ ሕግ ጉዳዩን በስሙ አይጠራውም፤ በብልግና ነው የሚከሰሱት። ስማቸውና ፎቷቸው ጋዜጣ ላይ ወጣ። ፍርድ ቤት ሲመጡ ፊታቸውን በነጭ ጨርቅ ሸፍነው ነበር። ከእነሱ መካከል ሃያ ሦስቱ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ተፈረደባቸው። ሃያ ዘጠኙ በነጻ ተለቀቁ። ግን ስሙ ጋዜጣ ላይ የወጣ ሰው በነጻ ተለቀቀ ይባላል?

እኔ ካይሮ በስደት ስኖር ሐበሾች በአንድ ሰፈር ተጠጋግተን ነበር የምንኖረው። ሁሉም ሁሉን ያውቃል። ግብጻዊው ከፖሊስ ይደበቃል። የኛ ልጅ ከፖሊስም፣ ከአከራይም፣ አብሮት ምንጣፍ ከሚጋራው ያገሩ ልጅም ይደበቃል።

ቦሌ ልጅ

እኔ ደግሞ አንድ ቦታ አውቃለሁ፣ ጥሩ ነው፣ ዘበኛውም ሰላም ነው [በአወያይ ተሰርዟል]

አወያይ

ቦሌ ልጅ፣ በደግ ልብ እንደጻፍከው አውቃለሁ። ግን አሰፋፈሩን፣ ቀለሙን፣ ማን በር ላይ እንደሚቆም ጽፈሃል። ይህን ክር የሚያነበው ወዳጅ ብቻ አይደለም። ጽሑፉ ለጥቂት ደቂቃ ታይቷል፤ የምታውቃቸው ሰዎች ካሉ አሁኑኑ ንገራቸው። ለሁላችሁም፦ ያለፈ ታሪክ ጻፉ፣ በሕይወት ያለ ቦታ አትጻፉ።

ቦሌ ልጅ

ይቅርታ። ነገርኳቸው።

ኬንየን ስትሪት

ሸገር፣ የኬኩን ነገር አንብቤ ብዙ ቆየሁ። እኔም አዲስ አበባ እያለሁ እንደዚያ ያለ ልደት ላይ ነበርኩ።

ስሜን ከየት እንዳመጣሁት የጠየቃችሁኝ አላችሁ። ዲሲ የምትኖሩ ኬንየን ስትሪትን ታውቁታላችሁ፤ ኮሎምቢያ ሃይትስ ነው። እዚያ ኖብ ሂል የሚባል ቡና ቤት ነበር። ከ1957 ጀምሮ የጥቁር ጌይ ወንዶች ቤት ነበር። የተዘጋው በ2004 ነው። ዛሬ ሕንፃው ላይ ሌላ ቡና ቤት አለ። ስንቶቻችን በሩ ላይ እያለፍን ታክሲ ነድተናል! ምን እንደነበረ የነገረን የለም።

በዚያን ዘመን ዲሲ ውስጥ ጌይ መሆን የመንግሥት ሥራ ያሳጣ ነበር። በ1953 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር የፈረሙት ትእዛዝ 10450 «የወሲብ ጠማማነት» የሚል ቃል አስገብቶ ብዙ ሠራተኛ አባረረ። ፍራንክ ካሜኒ የሚባለው የሥነ ፈለክ ባለሙያ በ1957 ከሠራዊቱ የካርታ አገልግሎት ተባረረ። እሱ ግን አልተቀመጠም፤ ዕድሜውን ሙሉ ተሟገተ። ዋይት ሐውስ ፊት ያለው የላፋዬት መናፈሻ ደግሞ ወንዶች ማታ የሚገናኙበት ነበር። የፓርክ ፖሊስ ከ1947 ጀምሮ እያደነ ያስራቸው ነበር።

ጥቁሩ ላይ ሌላ ተጨመረ። የነጭ ጌይ ቡና ቤቶች በር ላይ ነጩን ዝም ብለው ያስገቡታል። ጥቁሩን መታወቂያ ይሉታል፤ ሲያሳይ ሁለተኛ ይሉታል፤ ሁለተኛ ሲያሳይ ሦስተኛ። ስለዚህ የቤት ድግስ ላይ ተመሠረቱ። ሳሎን ውስጥ፣ በመጥሪያ፣ በሚያውቁት ሰው። ሸገር የጻፈው ዓይነት ማለት ነው። ከእነዚያ የቤት ድግስ ማኅበሮች ነው ክለብሐውስ የሚባለው የዳንስ ቤት የወጣው። አፕሸር ስትሪት ላይ በ1975 ተከፈተ። በየዓመቱ በግንቦት መጨረሻ ትልቅ ድግስ ነበረው፤ ከሌላ ከተማ ሁሉ ሰው ይመጣ ነበር። ከዚያ ኤድስ መጣ። ደንበኛውም ሠራተኛውም ረገፈ። በ1990 ተዘጋ። በዓመቱ፣ በዚያው ድግስ ሰሞን፣ ከሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት ባነከር ሜዳ ላይ በጠራራ ፀሐይ ተሰበሰቡ። የመጀመሪያው የጥቁሮች ፕራይድ (ጌዮች በአደባባይ የሚያከብሩት በዓል) ነው፤ ለኤድስ ሕሙማን ገንዘብ ለማሰባሰብ።

ሐዋርያ፣ «መልካም ቢሆን በግልጽ ይደረግ ነበር» ብለሃል። ይኸው በግልጽ አደረጉት። ሰዎቹ ያው ናቸው። የተለወጠው ሲታዩ የሚደርስባቸው ነገር ነው።

የለንደኑ

ይጨመርበት፦ በሰኔ 2019 የኒውዮርክ ፖሊስ ኮሚሽነር ለስቶንዎሉ ወረራ በይፋ ይቅርታ ጠየቁ። ሃምሳ ዓመት ፈጅቷል።

አዲስ ገቢ

ሰላም። ዲሲ ገና መምጣቴ ነው። አክስቴ ጋ ነው የምኖረው። ደግ ናት፤ ግን ብታውቅ ታስወጣኛለች። መድረኩን ለረጅም ጊዜ ሳነብ ነበር፣ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው። ሰው የት ነው የሚገኘው? ቡና ቤት እፈራለሁ። የሐበሻ ሰፈር ደግሞ ያው ነው፣ ሁሉም ያክስቴ ወዳጅ ነው።

ኬንየን ስትሪት

እንኳን ደህና መጣህ ወንድሜ። እዚህ ተደብቀህ የምትገባበት ቤት አያስፈልግህም፤ ክፍት የሆነ አለ። ዊትማን ዎከር የሚባል ክሊኒክ አለ፤ ከ1978 ጀምሮ የሚሠራ ነው። ምርመራ አለ፣ የሚያማክርህ ሰው አለ፣ የስደት ጉዳይህን የሚያይ የሕግ ክፍልም አለ። ከዚያ ብትጀምር ጥሩ ነው። ለአክስትህ ለመንገር አትቸኩል። መጀመሪያ የራስህ ገቢና የምታድርበት ቦታ ይኑርህ። እዚህ የምታውቀኝ መስሎህም ቢሆን እውነተኛ ስምህን ለእኔም አትጻፍልኝ።

ነርስ ሣራ

አዲስ ገቢ፣ ከቀጠሮህ በፊት አንድ ነገር። እንግሊዝኛው ካስቸገረህ አስተርጓሚ ጠይቅ፤ አትክፈል። ግን በአካል የሚመጣ አትቀበል። በስልክ ይሁን በላቸው፤ ብዙ ጊዜ ከሌላ ቦታ ሆኖ የሚያስተረጉም ሰው ነው የሚገኘው፣ መልክህን አያይም። ስሜ ለአስተርጓሚው እንዳይነገር ብለህም ጠይቅ፤ ያደርጉታል። ደብዳቤም ወደ አክስትህ ቤት እንዳይልኩ ፎርሙ ላይ አስጽፍ። የኢንሹራንስ ወረቀት ሳይቀር በፖስታ ይመጣልና እሱንም ጠይቃቸው።

አዲስ ገቢ

የፖስታውን አላሰብኩትም ነበር። እግዜር ይስጥልኝ። ሰኞ እደውላለሁ።